ቃላትን በዐውድና በሥር ማስተማር

ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቃላትን ፍቺ አንድ ለአንድ ዘርዝሮ መስጠት ቃሉን ያስጠናል እንጂ ብልሃቱን አያስተምርም። በደቡብ ወሎ «አምባሰል» ወረዳም ነው፣ ከአራቱ ዐበይት ቅኝቶችም አንዱ ነው፤ «ሐይቅ» የከተማ ስም፣ የውሃ አካልም ሲሆን በግእዝ ዳርቻን ያመለክታል። የተፈለገውን ፍቺ የሚለየው ዐውዱ ነው።

ይሁን እንጂ በዐውድ መገመት ብቻውን አይበቃም። «ተማረ» ዕውቀት ቀሰመ ወይም ይቅርታ አገኘ ማለት ሊሆን ይችላል። በቃሉ ውስጥ የጠፉት የሥር ፊደላት «ህ» እና «ሕ» የሚታዩት «ትምህርት» እና «ምሕረት» ከሚሉት ዘመዶቹ ላይ ነው። ስለዚህ ተማሪው ከዐውዱ ገምቶ፣ የቃሉን ዘመዶች ሰብስቦ፣ ግምቱን በመዝገበ ቃላት እንዲያረጋግጥ ማለማመድ ይገባል። በኅብረ ቃል ላይ በተመሠረተ ግጥም ዐውዱ ሁለቱንም ፍቺ ይይዛልና፣ አንዱን ብቻ ያጠና ተማሪ ሰሙን ይዞ ወርቁን ይስታል።