«ፍሬስኮ» የሚለው ቃልና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል

ስለ ኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት በውጭ አገር ቋንቋ ከተጻፉት መካከል ብዙዎቹ፥ በግድግዳ ላይ የሚታየውን ሥዕል ሁሉ «ፍሬስኮ» ይሉታል። አጠራሩ በአገር ጎብኚዎች መጽሐፍ ብቻ ተወስኖ ቢቀር ባላስከፋ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ሊቃውንት ጽሑፍም ገብቷልና ሊመረመር ይገባዋል።

ቃሉ ኢጣልያንኛ ነው፤ ትርጓሜውም «ትኩስ» ማለት ነው። ሠዓሊው በውሃ የተበጠበጠውን ቀለም ገና ባልደረቀ የኖራ ምርጊት ላይ ያሳርፋል፤ ኖራው ከአየር ጋር ተዋሕዶ ሲጠነክር ቀለሙን ይዞ ይቀራል። እንግዲህ ቃሉ የሚያመለክተው የሥዕሉን ቦታ ሳይሆን አሠራሩን ነው።

የኢትዮጵያ ሠዓሊዎች ልማድ ግን ሌላ ነው። በላሊበላ ቤተ ማርያም ቀለሙ ያረፈው በደረቀ ገጽ ላይ ነው። በጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴና በጣና ናርጋ ሥላሴ ደግሞ ሥዕሉ ያለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን፥ በግድግዳው የተለጠፈው ጨርቁ ነው።

ይህ ልዩነት የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በፍሬስኮ ምርጊቱና ሥዕሉ እኩያ ናቸው፤ ጨርቅ ግን ግድግዳው ከቆመ ከብዙ ዘመን በኋላ ሊለጠፍ ይችላል። ስለዚህ የሕንጻው ዕድሜ ብቻውን ለሥዕሉ ዕድሜ ምስክር አይሆንም። በፍሬስኮ ላይ የሚታየው መጋጠሚያ የሠዓሊውን የአንድ ቀን ሥራ ሲለይ፥ በጨርቅ ላይ የሚታየው ስፌት የሚናገረው የሸማኔውን ሥራ ስፋት ነው። ጥበቃውም እንደዚሁ ይለያያል፤ ለኖራ የታሰበው መድኃኒት ለጨርቅና ለሙጫ አይስማማም።

ከሁሉ ይልቅ የጎንደሩ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነገሩን ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932፥ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጂቡቲ የጥናት ጓድ የዚያን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አላቅቆ በምትካቸው አዲስ ቅጂ አኖረ፤ ጥንታውያኑ ዛሬ በፓሪስ ኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። እውነተኛ ፍሬስኮም በብዙ ድካም ሊነቀል ይችላል፤ የተለጠፈ ጨርቅን ማላቀቅ ግን እጅግ ይቀላል። እንደዚህ ያለውን ሥዕል «ፍሬስኮ» ብሎ በመዝገብ የሚያሰፍር ሰው፥ ከግድግዳው የማይለይ አስመስሎ አደጋውን ይሸሽጋል።

«የግድግዳ ሥዕል» የሚለው የአማርኛ ስም ቦታውን ብቻ ስለሚናገር አያሳስትም፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። መዝጋቢው «በደረቀ ልስን ላይ የተሣለ» ወይም «በጨርቅ ተሥሎ የተለጠፈ» የሚለውን ቢጨምርበት ጕድለቱ ይሞላል። «ፍሬስኮ» የሚለው ቃልም በእርጥብ ኖራ ላይ ለተሠራው ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ።