አጭር በርሜል፣ ሙሉ እጀታ

ከልብስ ስር ሽጉጥን የሚያጋልጠው እጀታው ነው፤ በርሜሉማ ቁልቁል ይገባል። ስለዚህ ሙሉ እጀታ ላይ አጭር በርሜል መግጠም የተገላቢጦሽ ይመስላል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ኮልት እ.ኤ.አ. በ1949 ኮማንደርን ሲያወጣ የ1911 ሞዴልን በርሜል 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ አሳጥሮ እጀታውን እንዳለ ተወው። ግሎክ 19ኤክስ ደግሞ የግሎክ 17ን እጀታ ከአጭሩ የግሎክ 19 ስላይድ (የላይኛው ተንሸራታች ክፍል) ጋር አጋባ። መነሻው የአሜሪካ ጦር የሽጉጥ ምርጫ ውድድር ነበር፤ ውድድሩን እ.ኤ.አ. በ2017 ሌላው አምራች ሲግ ሳወር አሸነፈ፣ 19ኤክስ ግን በ2018 ለገበያ ቀረበ። አጭሩ በርሜል ከአፎቱ ቶሎ ይወጣል፣ ሲቀመጡም አይቆረቁርም። እጀታው ግን መዳፍን ይሞላል፤ ትንሿ ጣት ማረፊያ አታጣም። ተኩሱ ሲያነጥር ሽጉጡን የሚገታው ይህ አያያዝ ነው። የ19ኤክስ ካዝናም 17 ጥይት ይይዛል።