የአበርክሮምቢ ፕላንና የመሬት ጥያቄ

ስለ አዲስ አበባ እድገት ሲነገር ዘወትር የሚሰማው አሳብ፥ ከተማዪቱ ያለ ፕላን እንደ ዱር ዛፍ በቀለች የሚል ነው። እኛ ይህን አሳብ አንቀበለውም። ከ1928 ዓ.ም. ወዲህ ለአዲስ አበባ ብዙ ፕላን ተነድፎላታል፤ የጐደላት ፕላኑን የሚሸከም ሕግ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፥ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1948 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡትን ፕላን ነው።

አስቀድመን የሚመሰገነውን እናመስግን። ከዚያ በፊት የኢጣልያ ወራሪዎች ያወጡት ፕላን ነጩንና ጥቁሩን ለያይቶ ለማስፈር የታሰበ ነበር። አበርክሮምቢ ግን ከተማዪቱን እንደ አንድ አካል ተመለከቷት። መንገዶቿ በቀለበት እንዲያያዙ፥ ሰፈሮቿ ለኑሮ የሚያስፈልገውን በቅርብ እንዲያገኙ፥ በዙሪያዋም ትናንሽ ከተሞች እንዲቆረቆሩ አሰቡ።

ይሁን እንጂ ይህ አሳብ የተወሰደው እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1944 ለታላቋ ለንደን ካዘጋጁት ፕላን ነው። የለንደኑ ፕላን በወረቀት ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1946 አዳዲስ ከተሞችን ለማቋቋም፥ በ1947 ደግሞ ባለመሬቱ ያለ ፈቃድ እንዳይገነባ የሚያግዱ ሕጎች ወጡለት፤ ስቲቭኔጅና ሃርሎው የተባሉት ከተሞችም በዚሁ ኃይል ተሠሩ። በአዲስ አበባ ግን በዚያን ጊዜ አብዛኛው መሬት በመኳንንቱ፥ በቤተ ክህነትና በጥቂት ባለጸጎች እጅ ነበረ። ማዘጋጃ ቤቱ መሬቱን ለመግዛት ገንዘብ፥ ባለቤቱን ለማስገደድም በቂ ሥልጣን አልነበረውም። እንግዲህ ሥዕሉ ከለንደን መጣ፤ ሕጉ እዚያው ቀረ።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፥ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆኖ ሳለ ችግሩ ለምን አልተወገደም ብሎ ይጠይቀን ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን የሚሰጠን ከኢጣልያ ባለሙያዎች ጋር የተዘጋጀው ማስተር ፕላን ነው። ሥራው በ1978 ዓ.ም. ቢያልቅም በሕግ የጸደቀው በ1986 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ስምንት ዓመታት ውስጥ መንግሥት ተለውጧል፤ ሕዝቡም ፕላኑን ሳይጠብቅ ቤቱን ሠርቷል። መሬቱ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ቢመለስም፥ ማን ይወስን፥ መቼ ይወስን የሚለው ሳይመለስ ቀረ።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት የተገኘው ግን በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያጣምር በተባለው ፕላን ነው። ገበሬው እርሻዬን እነጠቃለሁ ብሎ ሠጋ፤ ተቃውሞ ተነሣ፤ ብዙ ሰው ሞተ፤ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ። መንገዱና ውኃው በጋራ መታሰብ እንዳለበት እኛም እናምናለን። ነገር ግን ከተማ በገበሬ ማሳ ላይ ሲሰፋ፥ ገበሬው የሚጠየቀው ካርታው ካለቀ በኋላ ከሆነ፥ ያ ምክር ሳይሆን ማስታወቂያ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከመሐል ከተማ ለተነሡትም ነዋሪዎች ጥያቄው ይኸው ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የረጅም ዘመን ፕላን ሲቀርብልን ከቀለሙ በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የሚነሣው ማን ነው? ወዴት ይሄዳል? ካሣውንስ ማን፥ መቼ ይከፍላል? ይህን የማይመልስ ፕላን፥ መስመሩ የቱንም ያህል ቢያምር፥ ላም አለኝ በሰማይ ከመሆን አያልፍም።