ቀን የሌለው ቁጥር

የሳውዘርን ባቡር ድርጅት ወጣት ሠራተኛ የነበረው ኢያን አለን እ.ኤ.አ. በ1942 የድርጅቱን ሎኮሞቲቮች ቁጥር የያዘች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ ወዲህ ብሪታንያ ውስጥ ባቡር መከታተል ለብዙ ሰው ቁጥር አይቶ ዝርዝሩ ላይ ማስመር ሆኗል። ማስመሩ ደስታ አለው፤ እኔም አልንቀውም። አንድ ሎኮሞቲቭ ዛሬ የት እንዳለ፣ አምና የት ቆሞ እንደነበር ማወቅ ግን ሌላ ሙያ ነው። ይህ ሙያ የሚቆመው በምስክርነት ላይ ነው፤ ማን አየው? መቼና የት? በዓይኑ አይቶ ነው ወይስ ከሌላ ሰምቶ? እነዚህ ያልተጻፉበት ቁጥር ከወሬ አይሻልም።

ቁጥር ራሱ እንደሚዛወር የታወቁት ሎኮሞቲቮች ታሪክ ያሳያል። ፍላይንግ ስኮትስማን በ1923 ዶንካስተር ከሚገኘው ፋብሪካ ሲወጣ 1472 ነበር፤ በማግስቱ ዓመት 4472 ሆነ። በ1946 የማሽኑ ባለቤት የነበረው ድርጅት ሎኮሞቲቮቹን በሙሉ እንደገና ሲቆጥር መጀመሪያ 502፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ 103 ተባለ፤ የባቡር ድርጅቶቹ ወደ መንግሥት ይዞታ ከተዛወሩ በኋላ ደግሞ 60103። የለቀቀውን 502 በዚያው ዓመት ኧርል ማርሻል የተባለው ሎኮሞቲቭ ወረሰው። ስለዚህ «በ1946 502ን አየሁ» የሚል ማስታወሻ ወሩ ካልተጻፈበት የትኛውን ማሽን እንደሚመሰክር አይታወቅም። የሮያል ስኮት ደግሞ ይብሳል። በ1933 ወደ ሰሜን አሜሪካ ለጉብኝት የተሻገረው ማሽን 6100 የሚለውን ቁጥርና ሮያል ስኮት የሚለውን ስም ለብሶ ሄደ እንጂ፣ እስከዚያ ድረስ 6152 ሆኖ የሠራው ነበር። ከጉብኝቱ ሲመለስም ሁለቱ ማሽኖች የተለዋወጧቸው ቁጥሮች ወደየቦታቸው አልተመለሱም። የቁጥር ሳህኑን ብቻ የተከተለ ሰው ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሌላ ማሽን ሲከተል ኖሯል ማለት ነው።

«ታዲያ ማሽኑ ላይ የተመታውን ቁጥር አታነቡም?» የሚል ይኖራል። እናነባለን። በደቡብ ዌልስ ባሪ ከተማ የነበረው የዉድሃም የውዳቂ ብረት ግቢ 297 የእንፋሎት ሎኮሞቲቮችን ገዝቶ 213ቱ ከመቆረጥ ተርፈዋል፤ ብዙዎቹ የቁጥር ሳህናቸው ተነቅሎ ዝገት ውስጥ ለዓመታት ቆመዋል። እዚያ ማንነትን የሚያስታውሰው በማገናኛ ዘንጎችና በሻሲ ላይ በመዶሻ የተመታው ቁጥር ነበር። ይሁን እንጂ ዘንግ በጥገና ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል፤ ማሞቂያውም እንደዚሁ። አንድ ምልክት ብቻውን አይፈርድም። ሁለት ሦስት ምልክት ተስማምቶ ከቀደሙት ቀን ያላቸው ምስክርነቶች ጋር ሲገጥም ነው የሚታመነው።

ሌላው ተቃውሞ ከኮምፒውተር ይመጣል። የብሪታንያ ባቡር ድርጅት በ1970ዎቹ ከአሜሪካው ሳውዘርን ፓስፊክ ባመጣው ቶፕስ በተባለ ሥርዓት ሎኮሞቲቮቹን ይከታተል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ማንም ሰው የባቡሮችን ጉዞ በስልኩ ያያል። ከዚህ በኋላ ጣቢያ ዳር ደብተር ይዞ መቆም ምን ይጠቅማል? ለሕዝብ ክፍት የሆነው መረጃ በዋናነት የሚናገረው ስለ ጉዞው ነው፤ የትኛው ባቡር በስንት ሰዓት የት እንደደረሰ። ፉርጎዎቹን የሳበው የትኛው ሎኮሞቲቭ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይገልጽም። ዕቅድ ላይ የተመደበው በመጨረሻ ሰዓት ተበላሽቶ ሌላ ሊተካው፣ ሞተሩ የጠፋም ከኋላ ተቀጥሎ ሊጎተት ይችላል። ከዕቅድ ላይ ገልብጦ «አየሁ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የሚያደርሰው ጉዳት ምንም ካልጻፈ ሰው ይበልጣል፤ ቀጣዩ ታሪክ ጸሐፊ ስህተቱን እንደ እውነት ይወርሰዋልና።

የብሪታንያ ባቡር ድርጅት የእንፋሎት ዘመን በነሐሴ 1968 ሲያበቃ መንግሥት ለክፉ ቀን ሎኮሞቲቮችን ቦክስ በተባለው የባቡር ዋሻ አካባቢ ደብቋል የሚል ወሬ ተናፍሶ ዛሬም አልጠፋም። ወሬውን በስሜት መካድ አያስፈልግም። ተደበቁ የተባሉትን አንድ በአንድ ወስዶ፣ ከሥራ የወጡበትን ቀን፣ የገዛቸውን ነጋዴ፣ ሲቆረጡ ያያቸውን ሰው ማስታወሻ ማነጻጸር ይበቃል። የሽያጭ ሰነዱና የዓይን ምስክሩ የማይስማሙበት ጊዜም አለ፤ ለአንዱ ተሸጦ ሌላ ግቢ የተቆረጠ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን ሁለቱንም ከነምንጫቸው ጎን ለጎን እጽፋለሁ፤ የጎደለውን ቀን ግን በግምት አልሞላም።