ለሐዘን ልክ መስጠት

ሐዘን የደረሰበት ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ሲቀመጥ መጀመሪያ የምትሉት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን «አይዞህ፣ ያልፋል» ለማለት እንቸኩላለን። አሳዛኝ ተውኔትና ጃዝ ግን አይቸኩሉም።

ሁለቱ የተገናኙበትን አንድ ሥራ ላሳያችሁ። እ.ኤ.አ. በ1957 ዱክ ኤሊንግተንና ቢሊ ስትሬሆርን «ሰች ስዊት ተንደር» የተባለ 12 ክፍሎች ያሉት የጃዝ ድርሰት ለሕዝብ አቀረቡ። ስሙ «እንዲህ ያለ ጣፋጭ ነጐድጓድ» እንደ ማለት ነው። መነሻው የሼክስፒር ገጸ ባሕርያት ናቸው።

በመጀመሪያ ለቄሳር የተሠራውን ስሙ። ሼክስፒር ከተውኔቶቹ ሌላ የጻፈው ሶኔት የተባለው ግጥም 14 ስንኞች፣ በየስንኙም በተለምዶ 10 ቀለማት አሉት። ሙዚቀኞቹም ዜማውን በ14 ሐረግ ከፍለው ለእያንዳንዱ ሐረግ 10 ድምፅ ሰጡት። ጂሚ ሃሚልተን በክላርኔት ሲጫወተው ሐዘኑ ዝም ብሎ አይፈስም፤ ቀብር እንደሚሸኝ ሰልፍ እርምጃውን እየቆጠረ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሃምሌትን ስሙ። እዚህ ልኩ ይፈርሳል። ካት አንደርሰን ትራምፔቱን ሽቅብ እየወሰደ ጆሮ እስኪጨንቀው ያስጮኸዋል። ተመልካች የሃምሌት እብደት የማስመሰል ይሁን የእውነት እንደሚጠራጠር ሁሉ፣ አድማጭም «ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ጩኸት?» እያለ ይቀራል።

ሁሉም ክፍል ግን እኩል አልተሳካም። ሌዲ ማክቤዝ የተሰጣት ሦስት ሦስት የሚቆጠር ቀለል ያለ የዋልዝ ምት ነው። ኩራቷን እሰማለሁ፤ የማይለቀውን ደም ከእጇ ልታጥብ ስትታገል ግን አልሰማትም። ቃል የሌለው ዜማ ሐዘንን ሊሸከም ይችላል፤ በደሉ የማን እንደሆነ ለመናገር ግን ያጥረዋል። ስለዚህ ተውኔቶቹንም አንብቡ፤ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎን፣ ማክቤዝንና ሃምሌትን ወደ አማርኛ መልሰውልናል።

«ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» ትሉኝ ይሆናል። መዝሙር 88ን ክፈቱ። ዘማሪው እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ መጽናኛ አላገኘም፤ በጨለማ ይዘጋዋል። እንዲያም ሆኖ ለቅሶው መልክ ይዞ፣ ዜማ ሆኖ፣ በጸሎት መጽሐፋችን ውስጥ ተቀምጧል። ማንም አልቆረጠውም፤ የደስታ መደምደሚያም አልቀጠለበትም።

እንግዲህ ያ ጓደኛችሁ ዛሬ ማታ ቢመጣ፣ «ያልፋል» ከማለታችሁ በፊት ለቅሶውን እስከ መጨረሻው ስሙት።