ጎርፍ የሚወለደው ከወንዝ ዳር አይደለም
ሸገርን ስለ ማስዋብ ፕሮጀክት የቀረበ ሒስ

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የነበሩት የጂኦግራፊ መምህር፣ «ወንዝን ማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ ከድልድዩ ላይ አትቁሙ፤ ውሃው ወደ ተነሣበት ጋራ ውጡ» እያሉ ይመክሩን ነበር። ይህን ምክር በዚያን ጊዜ የያዝሁት ለፈተና ብቻ ነበር። ባለፈው ክረምት ከምኒልክ አደባባይ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ስወርድ ግን ትርጉሙ ገባኝ። በአደባባዩ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጥታ ሳለ፣ ከድልድዩ በታች ያለው ወንዝ ገና መሙላቱ ነበር። ውሃው ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍና ፕላስቲክ ተሸክሞ እየተጋፋ ይወርዳል። ከድልድዩ ላይ የቆምን ሰዎች እየሣቅን እንመለከተው ነበር፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል መባሉም በከንቱ አይደለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው በ2011 ዓ. ም. የታወጀውን ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ከእንጦጦ ተነሥተው ወደ አቃቂ በሚወርዱት ሁለት ታላላቅ ወንዞች ዳር 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን፣ ወጪውም 29 ቢሊዮን ብር እንዲሆን ታስቦ ተነገረ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር «ገበታ ለሸገር» በተባለው የእራት ግብዣ ላይ አንድ መቀመጫ በ5 ሚሊዮን ብር መሸጡን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከፕሮጀክቱ ዓላማዎች አንዱ የወንዞችን ጎርፍ መቀነስ መሆኑም በግልጽ ተነግሯል። እንግዲህ ሐያሲ አንድን ሥራ ሠሪው ባላሰበው ነገር መውቀስ አይገባውምና፣ እኔም ሥራውን የምመዝነው ራሱ በተናገረው በዚህ ዓላማ ነው።

አስቀድሞ የሚመሰገነውን ማመስገን ይገባል። ለብዙ ዘመን የከተማችን ሰው ወንዙን ጀርባ ሰጥቶት፣ ቆሻሻውን ሁሉ ወደ እርሱ ሲጥል ኖሯል። ፕሮጀክቱ ሰውን ወደ ወንዙ ፊቱን እንዲያዞር አድርጎታል። ከዚህም በላይ፣ ከወንዙ አጠገብ ሣርና ዛፍ ያለበት ባዶ ቦታ ሲኖር፣ ወንዙ ሞልቶ ቢወጣ የሚያገኘው የተኛ ሕፃን ሳይሆን ባዶ አግዳሚ ወንበር ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በነሐሴ ወር 2013 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በጣለው ከባድ ዝናብ ሰባት ሰዎች በጎርፍ መሞታቸው የሚዘነጋ አይደለምና።

ነገር ግን የመጀመሪያው ጉድለት ከዚህ ይጀምራል። ጎርፍ የሚታየው በወንዝ ዳር ነው እንጂ የሚወለደው በዚያ አይደለም። የእንጦጦ ጋራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው፤ የአቃቂ ሜዳ ግን 2,100 ሜትር ገደማ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት በቀጥታ ቢለካ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ውሃው የሚወርደው በእርምጃ ሳይሆን በሩጫ ነው። የምኒልክ አደባባይም በዚህ ቁልቁለት ላይ ተቀምጧል። በዚያ የወረደው ዝናብ ከፊሉ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከፊሉም በቸርችል ጎዳና በኩል ወደ ታችኛው ከተማ ይሄዳል።

ነገሩን በቀላል ሒሳብ እንመልከተው። 200 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ፣ ከጣሪያው የሚፈስሰው ውሃ 6,000 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል 30 በርሜል መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉ 100 ጣሪያዎች 3,000 በርሜል ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ቦይ ይለቃሉ። መሬቱ ሣር ቢሆን ኖሮ ከዚህ ከፊሉን ይጠጣው ነበር፤ አስፋልትና ድንጋይ ግን አይጠጡም። በፒያሳ አካባቢ በ2016 ዓ. ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው መንገዱና የእግረኛው መሄጃ ሲሰፋ፣ ስለ መልኩ ብዙ ተባለ፤ ስለ ቀሩትና ስለ ሄዱት ሰዎችም ጥቂት ተባለ። አዲሱ ንጣፍ የሚያፈስሰው ውሃ ከማን ደጅ እንደሚደርስ ግን ሲጠየቅ አልሰማሁም።

ጎርፍ ከላይ እንደሚመጣ ያላመነ ሰው ቢኖር ድሬዳዋን ያስታውስ። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ. ም. ለ30 አጥቢያ ከተማዋን የመታው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። የደቻቱ ወንዝ ብዙውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። በዚያች ሌሊት የሰውን ሕይወት ያጠፋው ውሃ በከተማዋ ላይ ከዘነበው ይልቅ ከላይ ከሐረርጌ ደጋ የወረደው ነበር። እንግዲህ ድሬዳዋ የደቻቱን ዳር ምንም ያህል ብታስውብ፣ ደጋው ከተራቆተ መድኃኒቱ ግማሽ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው የሚከተል ነው። የወንዝ ግራና ቀኝ በድንጋይ ሲገነባና አካሄዱ ሲስተካከል፣ በዚያ ያለው ሰፈር ይድናል፤ ውሃው ግን አይቀንስም፣ ይልቁንም ፍጥነቱ ይጨምራል። ቀበና ወደ ታላቁ አቃቂ፣ ታላቁና ትንሹ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ስለዚህ ላይኛው ሰፈር የገፋውን ጎርፍ የሚቀበለው በአቃቂ ዳር አትክልት የሚያለማው ገበሬ ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ የቆየው የአባ ሳሙኤል ግድብ በደለል ተሞልቶ ብዙ ዓመት ሥራ ፈትቶ የኖረው፣ ከላይ የታጠበው አፈር ሁሉ ማረፊያው እርሱ ስለ ሆነ ነው። በ1952 ዓ. ም. ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብም ከዚህ ዕዳ አልዳነም። ጎርፍን ከባለ ሀብቱ መናፈሻ ወደ ድኻው ማሳ ማስተላለፍ ጎርፍን መቀነስ ሊባል አይችልም።

«ወንዞቻችን ድሮም በክረምት ይሞሉ ነበር፤ ይህ ሁሉ ሥጋት ለምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልሱ አየሩ እንደ ድሮው አለመሆኑ ነው። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ የዓመቱ ዝናብ መጠን ባይጨምር እንኳ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ሊከብድ ይችላል። ለአባቶቻችን ክረምት የተሠራ ቦይ ለልጆቻችን ክረምት አይበቃም።

ሌሎች አገሮች ይህን ትምህርት ያገኙት ተጎድተው ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1995 በሆላንድ ወንዞች ሞልተው 250,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው ወጡ። ለብዙ መቶ ዓመታት ግድግዳ ሲያስረዝም የኖረው ያ ሕዝብ፣ ከዚያ በኋላ በ30 ከሚበልጡ ቦታዎች ለወንዙ ሥፍራ መልቀቅን መረጠ። በናይሜኸን ከተማ መከላከያውን 350 ሜትር ወደ ኋላ መልሰው ሠሩት። እርግጥ ሆላንድ ሜዳ ናት፣ እኛም ቁልቁለት ላይ ነን፤ ሥራቸውን እንዳለ መቅዳት አይቻልም። የሚቀዳው ሐሳቡ ነው፤ ይኸውም ውሃን ለማባረር ከመሽቀዳደም ማቆያ ቦታ መስጠት ነው። ለእኛ ይህ ማለት በእንጦጦ ወገብ እርከንና አገር በቀል ዛፍ፣ በአራዳ ጣሪያ ሥር የውሃ ማጠራቀሚያ፣ በየመንገዱ ዳር ደግሞ ዝናብ የሚጠጣ የአፈር መደብ ማለት ነው። እነዚህ ሁሉ ፎቶግራፍ ሲነሡ አያምሩ ይሆናል፤ ለምረቃ የሚበቃ ሪባንም የላቸውም።

በመጨረሻ፣ የሥራው ውጤት በምን ይለካ? እስካሁን የሚነገረን ስንት ኪሎ ሜትር እንደ ተሠራና ለአንድ ሰው ስንት ካሬ ሜትር አረንጓዴ ቦታ እንደሚደርስ ነው። ጎርፍ ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። የሚለካው ከዝናቡ መውረድ እስከ ወንዙ መሙላት ባለው ጊዜ፣ በውሃውም ከፍታ ነው። ይህ ጊዜ ከዓመት ወደ ዓመት ከረዘመ ሥራው ሠምሯል፤ ካጠረ ግን መናፈሻው ያማረ፣ ጎርፉ የባሰ ሆኗል ማለት ነው።

ይህን ለማወቅ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በምኒልክ አደባባይ አካባቢ በአንድ ጣሪያ ላይ የዝናብ መለኪያ፣ በራስ መኮንን ድልድይ ምሰሶ ላይ በሜትር የተከፋፈለ ምልክት፣ አንድ ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃሉ። የሚያስፈልገው በዝናብ ጊዜ የሚቆም ሰው ነው። መምህሮቻችን ቢመሩን፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ተራ ገብተን ልንቆም የምንችል ተማሪዎች አለን። እኔ የመጀመሪያውን ተራ ለመውሰድ ፈቃደኛ ነኝ።