ሲመሽ የሚፈካው ቅል

ሌሊት የሚያብብ ሐረግ የምትፈልጉ፣ ከባሕር ማዶ ዘር አታስመጡ፤ ቅል አለልን። ስስ ወረቀት የመሰሉት ነጫጭ የአበባ ቅጠሎቹ ሲመሽ ይከፈታሉ፣ የእሳት እራት ይጎበኛቸዋል፣ በማግስቱ ይጠወልጋሉ። ሴቴዋን አበባ ከሥሯ ባለችው ፀጉራም ትንሽ ቅል ትለዩአታላችሁ፤ ወንዴው ረዥም ቀጭን አንገት ብቻ ነው ያለው።

የአርሲዋ አሰላ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ የቅሉን እድገት ያዘገየዋል፤ ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርዱት ሞቃታማ ቀበሌዎች ይፈጥናል። ደገኞች ጠንካራውን ዘር ለብ ባለ ውኃ አሳድራችሁ ፀሐይ በሚያገኝ አጥር ሥር ትከሉት።

አርሲዎች የደረቀውን ቅል ፈልፍለው፣ በወይራ አጥነው ወተት ይንጡበታል። ያንን መዓዛ የፕላስቲክ ጀሪካን ከቶ አይሰጥም። ዘሩ ከጓሯችን እንዳይጠፋ ዘንድሮ አንድ ፍሬ ትከሉ።